ጆንያ ጠጋኟ

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1947 ዓ.ም.፤ ድሬዳዋ

ዛሬ ጠዋት የገባ ጆንያ 340። ደህናው 210፤ የሚጠገን 96፤ ለምንም የማይሆን 34። የማይሆነውን ለከሰል ሻጮች ለየሁት። የሚጠገነውን በየቤቱ የምታድልልኝ ሻሚስ ከእሱ ውስጥ ሦስት ስጠኝ አለችኝ። ምን ታደርጊበታለሽ ብላት «እበላዋለሁ፤ ምን አገባህ?» አለች። ሰጠኋት።

ከኃይለጊዮርጊስ ደብዳቤ መጣ። ኃይሌ አብሮ አደጌ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር መጋላ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ አደግን፤ እኔ አማርኛ መጻፍ ከእሱ ተማርኩ፤ እሱ በሱማሊኛ መሳደብ ከእኔ ተማረ። አሁን ጅቡቲ በአንድ ትራንዚት ቢሮ የመጋዘን ጸሐፊ ነው። እኔ ለቡና ላኪው ድርጅት የሸጥኩት ጆንያ ቡና ተሞልቶ ሲሄድ የሚቀበለው፣ የሚመረምረውና ስለ ጉዳቱ ሪፖርት የሚጽፈው እሱ ነው። የምልክለትን ደብዳቤ ግልባጭ በዚህ ደብተር አሰፍራለሁ፤ የሱንም እለጥፋለሁ።

*

ኃይሌ፣

ሙቀቱ አላቀለጠህም ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ መጻፍህ ራሱ መልስ ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እናትህንም ቅዳሜ አይቻቸዋለሁ። ጉልበታቸው ነው እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው።

ወደ ጥያቄህ ልሂድ። አዎ፣ ቀዳዳ የተገኘባቸው ጆንያዎች ከእኔ መጋዘን የወጡ ናቸው። የቡና ላኪው ሥራ አስኪያጅ ጠርቶ ያንተን ሪፖርት አነበበልኝ፦ «ጥገናው ለቅቆ ከአርባ ሁለት ጆንያ ቡና ፈሷል» ይላል። አንተ ጽፈህ እኔ ስሰማው ደስ እንዳላለኝ ታውቃለህ። ግን ያየኸውን መጻፍ ሥራህ ነው። ጥገናው መልቀቁን አንተ በዐይንህ አይተሃል ወይ?

ጠጋኟን አላውቃትም። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። እኔ የተቀደደውን ሃያ ሃያ አድርጌ አስሬ ለሻሚስ እሰጣለሁ። ሻሚስ በየቤቱ ለሚጠግኑ ሴቶች ታድላለች፤ ስማቸውን ግን አትነግረኝም። ከነገረችኝ እሷን ዘልዬ እንደምሄድ ታውቃለች። ልክ ናት፤ እዘል ነበር።

አሁን ግን ማወቅ አለብኝ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀዳዳ ከተገኘ ጆንያ ከሌላ እገዛለሁ ብሎኛል። ስለዚህ ጥገናዋ የሚለቅባትን ሴት አግኝቼ ጥቅል መስጠት አቆማለሁ። ክፋት አይደለም። የሌሎቹም ሴቶች እንጀራ በዚሁ ጆንያ ላይ ነው።

ከቀዳዶቹ አንዱን በባቡር ላክልኝ፤ ልየው። ደግሞ «ወጣት ትሆን አሮጊት፣ እጇስ ምን ይመስላል» ብለህ የጠየቅኸኝ አልገባኝም። ለሪፖርት የእጅ መልክ ያስፈልጋል እንዴ?

አብዲቃድር

*

ጅቡቲ፣ ኅዳር 13 ቀን 1947

አብዲ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ይልቅ ይሰፋል፤ ከሙቀቱ ግን አይበልጥም። እዚህ ሰው በጥላ ሥር ተቀምጦ ጥላውን ይወቅሳል።

ጆንያውን ስላልላክሁልህ ይቅርታ። ትናንት ልልክ ነበር፤ ክፍሉ የሚባለው የባቡር ሠራተኛ ፉርጎው ሞልቷል አለኝ። ከትናንት በስቲያም እንዲሁ ሆነ። በሚመጣው ሳምንት አይቀርም።

ሪፖርቱን በተመለከተ «አንተ በዐይንህ አይተሃል ወይ» ያልኸኝን አንብቤያለሁ። በዐይኔ አይቻለሁ። ሌላ ምን ልበልህ።

ይልቅ አንድ ነገር ልለምንህ። የዚህች ሴት ጥልፍ፣ ያ በሰማያዊና በቀይ ክር የተሠራ ክብ፣ እዚህ ብቻ ሊሆን አይችልም። ድሬ ውስጥ ያረጀ ጆንያ የማይገባበት ቤት የለም። እስቲ ውጣና እይ። የት የት እንዳየኸው፣ ምን ላይ እንዳየኸው ጻፍልኝ። ከመጋዘንህ ወጥተህ በእግርህ ከሄድህ ስንት ዓመት ሆነህ? ስታይ ቆንጆ ነው ወይስ አይደለም፣ እሱንም ንገረኝ። ከአንተ መስማት እፈልጋለሁ፤ አንተ በዋጋ ካልሆነ አታሞግስምና።

ያንተው ኃይለጊዮርጊስ

*

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18 ቀን 1947

ኃይሌ፣

ይቅርታህ ደርሶኛል። ጆንያው አልደረሰኝም። ሁለቱ አንድ ክብደት የላቸውም።

እንድሄድ ያልኸኝን ሄጃለሁ። ላንተ ብዬ አይደለም፤ ሴትዮዋን ከሻሚስ አፍ ካላገኘሁ ከጆንያው አገኛታለሁ ብዬ ነው። ጥልፍ ያልኸውን ግን አልቀበልም። ጥገና ነው።

ትናንት ከጁምዓ በኋላ ከቀፊራ ገበያ ጀመርኩ። አንዲት ቲማቲም ሻጭ እቃዋን የደረደረችበት ጆንያ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ክር ታየኝ። «እህቴ፣ ቲማቲሙን ገፋ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ከማዘጋጃ ቤት ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ከሥሩ ምን ልታገኝ ነው? እዚያም ያለው ጆንያ ነው።»

«እሱን ነው የፈለግሁት።»

ጎረቤቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «ስሚ፣ ይሄ ሰው ቲማቲም ትቶ ጆንያ ሊገዛ መጣ። ጸሐይ ናት የመታችው!» ሁለት ኪሎ ስገዛ ነው የገፋችልኝ። የሚበላው ሰው የለኝም፤ ለእናትህ ላክሁት።

ከሥሩ የነበረው እንዲህ ነው። መዳፍ የሚያክል ክብ። ሥራው ከመሀል ይነሣና ወደ ዳር ይወጣል፤ ስምንት ጨረር አለው፤ በጨረሩ መካከል ሰማያዊና ቀይ እየተፈራረቁ ይዞራሉ። ክሩ ከሱቅ አልተገዛም። አንዳንድ ጆንያ ወገቡ ላይ ባለቀለም መስመር ይሮጥበት የለም? ከእሱ የተመዘዘ ነው። ለምንም የማይሆን ተፈትቶ ለሚሆነው ክር ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ይህች ሴት ምንም አታባክንም የሚል ነው።

ሁለተኛውን መጋላ አገኘሁት። አንድ ፀጉር አስተካካይ ከአራት ጆንያ የበር መጋረጃ አድርጓል፤ ጥገናው ከመስታወቱ ፊት ለፊት ይውላል። የሚላጨው ሰውዬ በመስታወት ውስጥ ዐይኑን ተክሎበት ነበር። ፀጉር አስተካካዩን ስለ መጋረጃው ስጠይቀው «እሱን ከሰቀልኩ ወዲህ ደንበኛ አንገቱን አያዞርም። ጆሮ መቁረጥ ቀርቶልኛል» አለኝ። የተቀመጠው ሰውዬ «አልቀረም» አለ።

ሦስተኛው ይራመድ ነበር። ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ወጣ ብሎ፣ አንድ ጋሪ አለፈኝ። ባለጋሪው ፈረሱን ከጸሐይ ሊከልል ጀርባው ላይ ጆንያ አልብሶታል፤ ያ ክብ ነገር ከጅራቱ በላይ ተቀምጦ ፈረሱ በተራመደ ቁጥር ይከፈታል ይዘጋል። ቀረብ ብዬ ላየው ተከተልሁት። ፈረሱ ፈጠን ሲል እኔም ፈጠን አልሁ። ሦስት መንገድ ተከትዬዋለሁ። በመጨረሻ ባለጋሪው ዞሮ «አቦ! ወይ ተሳፈር ወይ ተወኝ፤ ፈረሱ እያፈረ ነው!» አለኝ። ስሙ ቡራሌ ነው። ተሳፈርኩ። ጆንያውን ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቀው ደቻቱ ወንዝ ዳር ጆንያ ከሚያጥቡት ሴቶች ገዛሁ አለኝ። ይህን ነበር የምፈልገው።

ቆንጆ ነው ወይ ብለሃል። በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ አልተበገረም። በጥርሴ ሳብሁት፤ አልለቀቀም። ዙሪያው ያለው ጆንያ ይቀደዳል እንጂ እሱ አይቀደድም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጥገና አንተ ዘንድ ሲደርስ ለምን ይለቃል? ጆንያውን ላክ።

አንድ ሌላ ነገር። ከዚራን ሃያ ዓመት የማውቀው ጆንያ በሚያወጡት መጋዘኖች ብቻ ነው። ትናንት ዐይኔ ክብ ነገር መፈለግ ስለለመደ ሌላም ያይ ጀመር። የአንድ ቪላ የብረት በር ጥላው መንገዱ ላይ ተነጥፎ አየሁ፤ የቡራሌ ፈረስ ረግጦት ሲያልፍ ጥላው በእግሩ ላይ ወጥቶ በሆዱ ሥር ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ መንገዱ ላይ ተኛ። ለምን እንደምነግርህ አላውቅም። ጋሪ ላይ ስለተቀመጥኩ ይሆናል።

አብዲቃድር

*

ረቡዕ፣ ኅዳር 22

የገባ ጆንያ 180። ክፍሉ ከጅቡቲ የተላከውን ቀዳዳ ጆንያ አመጣልኝ። ፉርጎው በሦስቱም ሳምንት ባዶ ነበር፤ ኃይለጊዮርጊስም ከትናንት በፊት ምንም አልሰጠኝም አለ።

ቀዳዳውን ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። የለቀቀ ጥገና ጫፉ ይንጨባረራል፤ አንዱ ክር ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ይህ እኩል ነው። ዙሪያውን በቢላ ተቆርጧል። የቆረጠውም እጁ ያልቸኮለ ሰው ነው።

ሻሚስን «እነዚያን ሦስት የማይሆኑ ጆንያዎች ለማን ሰጠሻቸው?» አልኳት።

«ሐጅ ሳይሄድ ሐጂ የሚባል ሰው አይቼ ነበር፤ ሳይሾም ዳኛ የሆነ ግን አንተ ነህ» አለችኝ። «በልቻቸዋለሁ አልኩህ እኮ።»

ሰው ይደበቃል፤ ጆንያ ግን መድረቅ አለበት። ነገ ደቻቱ እወርዳለሁ።

*

ሰኞ፣ ኅዳር 27 ቀን 1947

ኃይሌ፣

ጆንያው ደርሶኛል። ስለ ክፍሉና ስለ ፉርጎው ምንም አልልም። ስለ ጆንያው ግን አንድ ነገር ልበል፦ ያ ቀዳዳ የተቆረጠ ነው። መጋዘንህ ውስጥ ቢላ ያለው ሰው አለ። ፈልገህ አግኘው፤ ሪፖርትህንም አስተካክል። ስሙን እንድትነግረኝ አልጠይቅህም።

ሴትዮዋን አግኝቻታለሁ።

ደቻቱ ደረቅ ነው፤ ሴቶቹ አሸዋውን ቆፍረው ባገኙት ውኃ ጆንያ አጥበው እዚያው ያሰጣሉ። ሦስቱን የኔን በሰማያዊ መስመራቸው ለየኋቸው፤ መስመሩ ተመዝዞ ከአንዱ አልቋል። የማን ናቸው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ወደ አጠባቸው ዞሩ። ሻሚስ አስጠንቅቃቸዋለች። እኔም አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ጆንያው እስኪደርቅ ጠበቅሁ፤ ባለቤቱ መጥታ ማንሣቷ አይቀርም።

ኑርቶ ትባላለች። አርባ አምስት ትሆናለች፤ የጀልዴሳ መንደር ሰው ናት። እጇን ጠይቀኸኝ ነበር፤ ጣቶቿ አጫጭር ናቸው፣ የግራው አውራ ጣቷ ጥፍር የለውም። ገንደ ቆሬ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናትየው ሚሬ ይባላሉ። በዘመናቸው የዘላን ቤት የሚለበስበትን ምንጣፍ ይሠሩ ነበር። ዐይናቸው ከጠፋ አሥር ዓመት ሆኗል።

በቀን ስንት ትጨርሻለሽ አልኳት። ስድስት አለችኝ። ሌሎቹ አሥራ አምስት ያደርሳሉ። የሚቆርጠውን ሰው ዐይን የሳበው የጥገናው ማማር እንደሆነ ገልብጠን ብንልከውስ ብዬ አስቤ ነበርና አንዱን ጆንያ ገለበጥሁት። ኃይሌ፣ በዚያም በኩል ያው ነው። ቋጠሮ የለው፣ ጅራት የለው። የቱ ፊት የቱ ጀርባ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጆንያ ሸጥሁ፤ ጀርባ የሌለው ጥገና አይቼ አላውቅም።

«ለምንድነው በሁለቱም በኩል የምትደክሚው? ውስጡን ከቡና በቀር የሚያየው የለም» አልኳት።

«ለእሷ ነዋ» አለችኝ፤ በአገጯ ወደ እናቷ እያመለከተች። «እሷ በጣቷ ነው የምታየው። በዚህም በዚያም ትዳስሰዋለች። ቋጠሮ ካገኘች ፍቺው ትላለች። ያንን ሦስት ጊዜ አስፈትታኛለች።»

«አራት» አሉ እናትየው። ከዚያ «ማነው የመጣው?» አሉ።

«ባለ ጆንያው።»

«እጁን ያምጣው።» መዳፌን ይዘው አገላበጡት። «ይሄ ሰፍቶ አያውቅም» አሉና መለሱልኝ፤ እንደማይፈልጉት ዕቃ።

ተራ ጥገና ብትሠሪ በቀን እጥፍ ታገኛለሽ አልኳት። ሳቀች። «ለእኔ ቀላል ነው። ለእሷ ግን አንተ ንገራት።» አልነገርኳቸውም። ደፋር ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ቀለሙን እናትየው አያዩትም። ታዲያ ሰማያዊና ቀዩ ለማን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ትከሻዋን ነቀነቀችና «እሱ የእኔ ነው» አለችኝ።

ቆንጆ ነው፤ ጽፌልሃለሁ። አሁን ቢላውን ፈልግ።

አብዲቃድር

*

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

ከኃይሌ አንድ ገጽ መጣ። ስለ ሚሬ ጣቶች ጠይቋል፣ ስለ ቡራሌ ፈረስ ጠይቋል፣ የገንደ ቆሬው ክፍል በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ጠይቋል። ስለ ቢላው አንድ ቃል የለም።

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ጠራኝ። ዘጠኝ ጆንያ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ተገኝቷል። በቢላ እንደተቆረጠ ነገርኩት፤ ጆንያውንም አሳየሁት። «ሪፖርቱ ለቀቀ ይላል። እኔ የማምነው የተፈረመበትን ወረቀት ነው። ጌጥ የሌለበት ጆንያ ስጠኝ፣ ወይም ሌላ ሰው ይሰጠኛል» አለኝ። ልክ አይደለም ማለት አልችልም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እላለሁ።

ለኔ የሚጠግኑ ሴቶች ሃያ ስድስት ናቸው። አንዷን አወጣሁ። ሻሚስን ጠርቼ ለኑርቶ ከእንግዲህ ጥቅል እንዳትሰጥ ነገርኳት። የወትሮ ስድቧን ጠበቅሁ። እሷ ግን ወለሉን አይታ ወጣች።

*

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1947

ወንድሜ ኃይለጊዮርጊስ፣

እንደምን አለህ? ሥራ እንዴት ነው? ጤናህስ? እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ እናትህ ደህና ናቸው፤ የግቢው ሰው ሁሉ ደህና ነው። ጎረቤታችን ቱሪያ ሴት ልጅ ወልዳለች። ዝናብ የለም። ጫት ተወዷል ይላሉ፤ እኔ አልገዛም።

የነኑርቶ ክፍል በር ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። ፈረሱ ደህና ነው።

ለገና የምትመጣ እንደሆነ አስቀድመህ ጻፍ።

አብዲቃድር

*

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1947

አብዲ፣

የላክኸው ደብዳቤ ሰላምታ ብቻ ነው። አንተ በሰው ጤና ላይ አራት ጥያቄ ደርድረህ አታውቅም። አንድ ነገር አድርገሃል። ምን እንዳደረግህም ይመስለኛል፤ ካደረግህ በእኔ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሁን ልጻፈው።

ቢላው የእኔ ነው።

የመጀመሪያውን የቆረጥሁት በመስከረም መጨረሻ ነው። ጆንያ ስመረምር አየሁት። ክፍሌን አታውቀውም፤ ቆርቆሮ ነው፤ ከቆርቆሮ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ያንን ክብ ነገር ግድግዳዬ ላይ አኖርሁት። ቀዳዳውን በሲባጎ እሰፋዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሰፋሁትም፤ ስፌቴ ግን ክሬኑ ላይ ሳይደርስ ለቀቀ። ከዚያ ሁለተኛ አየሁ፤ በዚያ ላይ ቀዩ ይበዛል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ሌላ ነገር ይሆናሉ። እንዲህ እያልሁ አሥራ አንድ ደረሰ። ጫኞቹ አዩኝ። ጸሐፊው ከቆረጠ እኛስ አሉ፤ ለመርከበኞች በሲጋራ መለወጥ ጀመሩ። መከልከል አልቻልሁም፤ በምን አፌ?

ቡናው ሲፈስ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። «ለቀቀ» የሚል ቃል ጻፍሁ። አንድ ቃል ነው። የማላውቃት ሴት ናት አልሁ። ከዚያ አንተ እጇን ጻፍህልኝ፤ የጎደለውን ጥፍሯን ሳይቀር። እኔ ነበርሁ የጠየቅሁህ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳውን ስጠላው ነው የምውለው።

ሥራዋን ነጥቀሃታል? እውነቱን ጻፍልኝ።

ኃይለጊዮርጊስ

*

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1947

ኃይሌ፣

አዎ፣ ከታኅሣሥ 6 ጀምሮ ጥቅል አልሰጠኋትም። ባለፈው ደብዳቤ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ በቱሪያ ልጅ ጀርባ ተደበቅሁ። ይህ የእኔ ነው፤ ያንተ ላይ አልጭነውም።

ያንተን ግን ተሸከም። ቢላው ያንተ መሆኑን ከፉርጎው ወሬ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። አልተቆጣሁም አልልህም። ግን በጻፍኸው ውስጥ ያየሁት አንድ ነገር አለ፦ ከእኔ በፊት አይተኸዋል። እኔ ጆንያ በእጄ አገላብጬ ስሸጥ ኖርሁና ያላየሁትን አንተ በመጀመሪያ ቀን አየኸው። ችግሩ ማየትህ አይደለም። ያየኸውን ወደ ቤትህ ወሰድኸው፣ የሠራችውን ሴት ደግሞ በወረቀት ጣልሃት።

አሁን የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚያምነው የተፈረመበትን ወረቀት ነው። ሌላ ሪፖርት ጻፍ። ጥገናው አልለቀቀም፣ ተቆርጧል በል። ማን እንደቆረጠም ጻፍ፤ ስም የሌለው ወረቀት እንደማይቀበሉ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ምን እንደሚያስከፍልህ አውቃለሁ። የምትጠየቅበትን የፈሰሰ ቡና ዋጋ እኩል እንካፈላለን፤ ስለዚያ አትጻፍልኝ።

ካልጻፍህ እኔ አልጽፍብህም። ይህንም እወቅ። የእሷ ሥራ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው፤ ሌላ ቦታ የለም።

ለገና እናትህ ዘንድ እሄዳለሁ። ምን እንደምላቸው አንተ ወስን።

አብዲቃድር

*

ጅቡቲ፣ እሑድ፣ ጥር 1 ቀን 1947

አብዲ፣

ለእናቴ ያልሃትን ጽፋልኛለች፦ «ልጅዎ ሥራ በዝቶበታል» ብለሃታል። ያንን ውሸት ስላካፈልኸኝ አመሰግናለሁ።

ታኅሣሥ 26 አዲሱን ሪፖርት ጽፌ፣ ስሜን አስገብቼ፣ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ለጆንያ እራፊ?» አለኝ። ግድግዳዬ ላይ የነበሩትን አውርጄ ይዤ ነበርና ዘረጋሁለት። ረጅም ጊዜ አያቸው። አንዱን ገልብጦ አየ፤ ከዚያ መልሶ ገለበጠ፤ ፊቱ የትኛው እንደሆነ ጠፋው። ይምረኛል ብዬ ነበር። ወዲያው ግን ከመጋዘን አውጥቶ ጨው የሚጫንበት ሜዳ መደበኝ። ጸሐፊ አይደለሁም፤ ቆጣሪ ነኝ። የምቆጥርበትም ቦታ ጣራ የለውም። ጫኞቹ ይስቁብኛል፤ እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን የባሰ እስቅ ነበር።

ሪፖርቱ ለቡና ላኪው ተልኳል። በእጅህ እንዲሆን ግልባጩንም ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ።

አሥራ አንዱን ጥልፍ በክፍሉ እጅ ልኬልሃለሁ፤ ፉርጎው ሞልቷል ቢልህ አትመነው። ለእሷ ስጥልኝ። የተቆረጡባቸው ጆንያዎች ባሕር ተሻግረዋል፤ እነሱን መመለስ አልችልም። ይቅርታ እንድትጠይቅልኝ አልልህም። የሆነውን ብቻ ንገራት፤ ማን እንደሆንሁም ጨምረህ። ልትሰድበኝ ከፈለገች ስሜን ትወቅ።

ኃይለጊዮርጊስ

*

ሰኞ፣ ጥር 9 ቀን 1947

የገባ ጆንያ 265። ደህናው 170፤ የሚጠገን 81፤ የማይሆን 14።

ክፍሉ ያመጣውን ጥቅል ፈትቼ ጥልፎቹን ቆጠርሁ። አሥራ አንድ ነው ያለው፤ አሥር ናቸው። አልጻፍሁለትም። ጣራ ለሌለው ሰው አንዱ ይቅርለት፤ ለኑርቶ ግን አንዱ እሱ ዘንድ መቅረቱን እነግራታለሁ፤ ትፈልገው እንደሆነ እሷ ትወስናለች።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድሁ። አዲሱ ሪፖርት ፊቱ ነበር። «እንግዲህ ጆንያ አስተካክለህ ከጠገንህ ጌጥ ይኑረው አይኑረው እኔን አያገባኝም» አለኝ። ከአንድ ወር በፊት ያገባው ነበር። ይህን አላልኩትም። እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት፤ ጻፈልኝ፣ ፈረመ።

ከዚያ ሻሚስን ፈለግሁ። መጋላ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ አጠገብ አገኘኋት። ወረቀቱን አሳየኋት፤ ማንበብ ስለማትችል አነበብሁላት።

«እና?» አለች።

«እናማ ለኑርቶ ጥቅል ስጫት።»

«ጥቅሉን ለግድግዳው ልስጠው? ኑርቶ ከሄደች ሃያ ቀን አለፋት። ኪራዩን መክፈል አቃታት፤ እናቷን በግመል ላይ አስቀምጣ ጀልዴሳ ወንድሟ ዘንድ ወረደች። ወንድሟ ቤት ስንት አፍ እንዳለ ታውቃለህ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ! አንተ እኮ የማትጠይቀው ነገር የለም። የጆንያ ቂጥ ስትከተል ከተማውን ዞረሃል፤ የአንዲት ሴት በር ማንኳኳት አቃተህ?»

አንድ ሰው ልካ ታስጠራት ብዬ ለመንኳት።

«ሰው አልክም» አለች። «አንተ አባረርካት፤ አንተ ሂድ። ወላሂ፣ እኔ ከሄድኩማ ደግሞ ሰው ላከብኝ ብላ ነው የምታስበው። ተላልኮ የመጣ ይቅርታ አይበላም።» ወዲያው ደግሞ «እናትየው የሰሊጥ ዘይት ለጉልበቷ ትወዳለች» አለችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ቀፊራ ወርጄ ወደ ጀልዴሳ የሚሄደውን የጭነት መኪና ሾፌር አነጋገርሁ። የሰሊጥ ዘይት አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ከሚጠገነው ሃያ ጆንያ አሠርሁ፤ ከማይሆነው ደግሞ ቀይና ሰማያዊ መስመር ያላቸውን አምስት መርጬ ጨመርሁ። መምረጡ ከማሠሩ ይልቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ነገ ማክሰኞ። መኪናው ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሣል። መጋዘኑን ሻሚስ ትጠብቃለች። ሾፌሩ ለመሄጃ የአንድ ሰው፣ ለመመለሻ የሦስት ሰው ቦታ እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ።